ለማይነሳ ኮምፒዩተር ዘብ ስለመቆም

ሰኔ 1982 ዓ.ም.
ለክቡር ጓድ ጓንጉል፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ
ዲላ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሰሞኑን ሳል ጀምሮት የነበረው መኪናዎ ጋራዥ በገባበት ቀን ተጠግኖ መውጣቱንም ሰምቼ ተጽናንቻለሁ። ለካ በመሥሪያ ቤታችን የታመመ ነገር ይድናል!

ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ክበብ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት በመጨረሻው ስብሰባ ላይ «ሂስና ግለሂስ የማይወድ ጓድ ጓድ አይባልም» ብለው ስላበረታቱን ነው። በእጅ የተጻፈ በመሆኑ ግን ይቅርታ ይደረግልኝ። እኔ ይመኙሻል የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት ሠራተኛ ብሆንም የምጽፍበት መኪና የለኝም፤ ምክንያቱን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኮምፒዩተር ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት እኔና ባልደረባዬ ሮማነወርቅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ከአሪቻና ከኢዲዶ የቡና ጣቢያዎች የሚመጣውን የእሸት ቡና ሪፖርት በሁለት የጽሕፈት መኪና ስንቀጠቅጥ እንውል ነበር። ጩኸቱ ኮሪደሩን ያውክ እንደነበር አልክድም፤ ሳቃችንም እንዲሁ። እርስዎ በአንድ ገጽ ላይ «በመሆኑም» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚደጋግሟት ሮማነወርቅ ድምፅዎን አስመስላ ስታነብልኝ እንባዬ እስኪመጣ እስቅ ነበር። እኔ ባልም ልጅም የለኝም፤ እሷም አገሯ ጎጃም ስለነበር ዲላ ውስጥ ዘመድ አልነበራትም። ስለዚህ ምሳችንን ከአንድ ሳህን እንበላ፣ እሑድ እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንስም ነበር። ይህ ከመሥሪያ ቤቱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ይሰረዝልኝ።

ኮምፒዩተሩ በእርዳታ ከውጭ አገር ሲመጣ እዚያው ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ሪባን ተቆረጠለት፣ ሰንጋ ታረደለት፣ እርስዎም «ይህ መሣሪያ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል» ብለው ንግግር አደረጉለት። ብዙም ሳይቆይ ሮማነወርቅ «ትርፍ የሰው ኃይል» ተብላ ወደ ፍስሐ ገነት ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ ሁለቱ የጽሕፈት መኪናዎችም ተጭነው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጡ። እኔ አዲስ አበባ አጭር ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ክፍሉ ሰፍቶ ጠበቀኝ።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መብራቱ ሄዶ ተመለሰ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሄዶ ቀረ። ማስነሻውን ስጫነው ትንሽ ያጉረመርማል፣ መስታወቱ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ደመላሽ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከፍቶ አየውና፣ እርስዎም በተገኙበት እንዲህ አለን፤ «አንድ ዕቃው ተቃጥሏል። ዕቃው ከመጣ በግማሽ ቀን እገጥመዋለሁ። ግን አርጅቷል፤ ነገ ደግሞ ሌላው ይቃጠላል። ወይ አስጠግኑት፣ ወይ ቀይሩት፤ ብቻ አንዱን ወስኑ።»

እርስዎ ግን ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን ማስቀየም አልወደዱምና ጉዳዩን ለኮሚቴ መሩት። ኮሚቴውም በጥልቀት አጠናው። አዲስ ለመግዛት አሮጌው መወገድ አለበት፤ አሮጌው እንዲወገድ የማይጠገን መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ የማይጠገን መሆኑን ለማረጋገጥ ለመጠገን መሞከር አለበት፤ ሊቀየር የታሰበን ዕቃ ለመጠገን መሞከር ደግሞ ብክነት ነው። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ጥናት በሕይወቴ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ውሳኔ እስኪገኝ ማንም እንዳይነካው ተብሎ በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ፤ የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ሆንኩ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ማስነሻውን እጫናለሁ። ሰረዟ ብቅ ስትል «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። ማታ እዘጋለሁ። የባልደረቦቼን ኮቴ በድምፁ መለየት ችያለሁ፤ ማን እንደሚቸኩል፣ የማን ጫማ ሶሉ እንደተላቀቀ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን በመስኮት ሰላም የሚሉኝ ነበሩ፤ በኋላ ግን ሥራ ከፈታ ሰው ጋር መታየት የሚያስገመግም መሰላቸው መሰለኝ፣ ቀሩ። ምሳዬን ስበላ ሳላስበው ጉርሻ ጠቅልዬ፣ የማጎርሰው አጥቼ ወደ ሳህኑ የመለስኩባቸው ቀኖች አሉ።

አራተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ ነበር።

በዲላና በፍስሐ ገነት መካከል በጭነት መኪናው የሚመላለሰው ከማሉዲን በየካቲት ወር በመስኮቱ መጥቶ፣ «እትዬ ይመኙሻል፣ ሮማነወርቅ ታማ ተኝታለች። ‹እንዳታስጨንቃት፤ ብቻ ብትመጣ ደስ ይለኛል በላት› ብላኛለች። ነገ ጠዋት ስመለስ ጋቢና ቦታ እይዝልዎታለሁ» አለኝ። ወዲያው ቢሮዎ ገብቼ የሦስት ቀን ፈቃድ ለመንኩ። ጋዜጣዎን ዝቅ አድርገው፣ «ጓድ ይመኙሻል፣ የመንግሥትን ንብረት ለማን ጥለሽ ነው የምትሄጂው? ኮሚቴው ድንገት ቢወስንስ?» አሉኝ። «አይሠራም እኮ፣ ጓድ» ብል፣ «ስለማይሠራ አይደል እንዴ ጠባቂ ያስፈለገው?» ብለው ጋዜጣዎን ከፍ አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት የከማሉዲን መኪና አጥሩ ጥግ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ ሰማሁ። እንጀራዬ ነውና እጄን አወዛውዤ አሰናበትኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከማሉዲን ተመለሰ። በመስኮቱ አልጠራኝም፤ የተከለከለውን በር ከፍቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

«ትናንት ቀበርናት፣ እትዬ። የሠፈሩ ሰው አንድም አልቀረ። እኔም ቃሬዛውን ይዣለሁ። ብቻዋን አልሸኘናትም» አለኝ።

ክቡር ጓድ፣ እሱ በሃይማኖትም በአገርም የማይገናኛትን ሴት ሲሸከም፣ እኔ እህቷ ነጭ ሰረዝ እጠብቅ ነበር። ከማሉዲን ከሄደ በኋላ ጮኼ አለቀስኩ። በኮሪደሩ ያ ሁሉ ኮቴ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰምቻለሁ። ማንም ግን አልገባም፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ምን ያህል ውጤታማ እንደሆነ ለማመስገን ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ውሳኔው ነው። ኮሚቴው ሰኞ ዕለት ጥናቱን አጠናቆ ኮምፒዩተሩ እንዳይጠገንም እንዳይቀየርም፣ ችግሩ የባለሙያ ሆኖ ስለተገኘ ባለሙያዋ፣ ማለትም እኔ፣ በሌላ እንድትተካ ወስኗል። በእርስዎ ፊርማ የደረሰኝ የዝውውር ደብዳቤም «በፍስሐ ገነት ቅርንጫፍ በሞት ምክንያት ክፍት በሆነው የሥራ መደብ ላይ» መመደቤን ይገልጻል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ሦስት ቀን ለምኜዎት ነበር፤ ቀሪ ዕድሜዬን ፈቀዱልኝ። ቸርነትዎ መንገድ ላይ አራት ወር በመቆየቱ የምታጎርሰኝን ሰው አላገኛትም እንጂ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር አገኛለሁ። መቃብሯንም ከማሉዲን ያሳየኛል።

በቦታዬ የተተካችው ሱራያ ትናንት መጥታ ተረክባኛለች። የከተማችን ነጋዴ ልጅ ናት፤ ፈገግታዋ አያልቅም። ማስነሻውን ተጭና፣ ጠብቃ፣ ደግማ ተጭና፣ «እትዬ፣ ይሄ ነገር አይነሳም እንዴ?» አለችኝ። ተቀምጣ ምሳዋን ፈታችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ጎረስኩ። እባክዎን ይህችን ልጅ ሰው ያለበት ክፍል ያስቀምጧት። የምለምንዎት ሌላ ነገር የለኝም።

በደብዳቤ መጨረሻ የሚሰፍረው መፈክር ወረቀቱ ስላለቀብኝ ቀርቷል፤ እርስዎ በቃልዎ ስለሚያውቁት ይሙሉበት። ዕድሜና ጤና፣ ከዕድሜና ከጤናም በላይ ሲታመሙ የሚጠይቅዎት፣ ለመጠየቅም ፈቃድ የማይከለከል ወዳጅ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣

ትርፍ የሰው ኃይልን ተክታ እንድትሠራ የታዘዘችው፣
የእርስዎ ታዛዥ
ይመኙሻል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የክፍሉን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቼ ትቼዋለሁ። ሌባ ይገባል ብለው አይስጉ፤ የዲላ ሌባ የሚሠራውን ዕቃ ከማይሠራው ለመለየት ኮሚቴ አያስፈልገውም።