የብላውክሊፕ አራስ ቤት

ለነገረኛዋ የልጅ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? ሆድሽስ ገፋ? ያ ዙሉ ባልሽ እግርሽን ያሽልሻል ወይስ ዛሬም ኳስ ላይ እንዳፈጠጠ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከፍየሎቹ ጋር ስንሳሳል ማን እንደሚበልጥ ገና አልለየም።

«የመጀመሪያ ልጄን እንደ ወጋችን እናቴ ቤት መጥቼ እወልዳለሁ» ማለትሽን ለጎረቤታችን ለእትዬ ግሪኪ ነገርኳቸው። «ታዲያ የት ልትወልድ ኖሯል፣ ሆቴል?» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። እናትሽ ባትኖርም ግድግዳዋ አለ አሉ።

ጣጣው ግድግዳው ነው፣ ልጄ።

አያትሽ ማዕድኑ ላይ አስቤስቶስ የሚሉትን ሰማያዊ ድንጋይ በመዶሻ ስትፈለፍል እናትሽን አዝላ ነበር። ነጮቹ ከወንዙ ማዶ በጡብ ሲሠሩ፣ እኛ ወዲህኞቹ ከድንጋዩ የሚወጣውን ጸጉር ከጭቃ ለውሰን ቤታችንን መረግን። በዚህ በብላውክሊፕ ምድረ በዳ ጭድ ከየት ይምጣ? እንዳይሰነጠቅ ነው ያልነው፤ ደግሞም አልተሰነጠቀም። ትራስም ሞላንበት። እናትሽ ግድግዳው በፋኖስ ሲያብለጨልጭ «ቤተ መንግሥት» ትለው ነበር። የማዕድኑ ኩባንያ ጉድጓዱን ሳይደፍን ሄደ፤ የእናትሽ ሳንባ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

በቀደም አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቤቱን ሊመረምሩ መጡ። አንዷ ግድግዳውን አየት አድርጋ፣ «አባባ፣ እዚህ ቤት ጥርስ ያላወጣ ሕፃን አለ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ» አልኳት።

አልሳቀችም። «ሌላ እንዳይመጣ» ብላኝ ሄደች። ያን ትራስ ላቃጥለው ብል እምቢ አለኝ፤ አይነድም ብለው አይደል ለዓለም የሸጡት!

ስለዚህ አትምጪ። ወጉ ይቅር። እትዬ ግሪኪ «ነውር ነው፣ እንደ ባዳ ሰው አገር ትውለድ?» ብለው አኩርፈውኛል፤ ለጆሮዬ ዕረፍት ሆነልኝ። «እንግዲያው አንተ ና» ትይኝ ይሆናል። ሐኪሟ መንገድ ከልክላኛለች። ልጅቷ መልከ መልካም ስለሆነች እሺ አልኳት።

ስም የሚያወጣ አያት ሕፃኑን ታቅፎ፣ ፊቱን አይቶ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የዙሉው አያት እንዳይቀድመኝ ከወዲሁ ልኬልሻለሁ፦ ሞዋ በዪው። ባልሽ ትርጉሙን ከጠየቀሽ፣ «በቋንቋችን ትንፋሽ ማለት ነው» በዪው። ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

ፈጣሪ በሰላም ይገላግልሽ። ጡትሽ ወተት ይሙላ፤ ቤትሽን ንጹሕ ነፋስ ይጎብኘው። ልጅሽ አልቅሶ ጎረቤት ይቀስቅስ።

ሽማግሌው አያትሽ