ቀዝቃዛዋ ሶፊያ ሳታልፍ ስለተተከሉት አሥራ አንድ ቲማቲሞች

ለክቡር አቶ ዲትማር ቮልፐርስ
የፀሐይ ኮረብታ አትክልተኞች ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወገብዎ ደህና እንዲሆን፣ ጉልበትዎም የማኅበራችንን ስልሳ አራት የአትክልት ቦታዎች በሜትር ለክተው እስኪጨርሱ እንዳይከዳዎ፣ በቤትዎም ውስጥ ሙቀት እንዳይጎድል ከልቤ እመኛለሁ። ሃያ ዓመት በአጥር ላይ «አንተ» ስንባባል ኖረን ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ እንዳይገርምዎ፤ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍልኝን ሰው አንተ ለማለት ስላልደፈርኩ ነው። እኔ የቦታ ቁጥር 41 ተከራይ ኤክሃርት ቲምለር ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ደክሞኛልም፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አንደኛ፦ ኤፕሪል 22 ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፉልን ወረቀት አመሰግናለሁ። አያቶቻችን ከሜይ 11 ጀምሮ ውርጭ ይመለስባቸዋል የሚባሉትን የበረዶ ቅዱሳን ቀናት አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ የመጨረሻዋ ቀዝቃዛዋ ሶፊያ ሜይ 15 ቀን ሳታልፍ ቲማቲም ከቤት አያወጡም ነበር። እርስዎ ግን የኤፕሪል አየር እስከ ሃያ ስድስት ዲግሪ መሞቁን አይተው፣ ነገሩ «የአሮጊቶች ተረት» መሆኑን፣ ለማኅበሩ ሃምሳኛ ዓመት የሚመጡት እንግዶችም ባዶ መደብ ማየት እንደሌለባቸው ገልጸው፣ ሁላችንም እስከ ሜይ 1 ተክለን እንድንጨርስ አዘዙን። ቅዱሳንን በሦስት መስመር ከሥራ ማሰናበት ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ሥልጣን አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮቴን አውልቄ ነበር፤ ቼሪው ሦስት ሳምንት ቀድሞ አብቦ ሲያዩት ያማልላል። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ችግኞቼን ከመስኮቱ አላወጣሁም።

ሁለተኛ፦ ሜይ 3 ቀን ሁለት የኮሚቴ አባላትን አስከትለው ቦታዬን ድረስ በመምጣት ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ከቦታችን አንድ ሦስተኛው አትክልት እንዲለማበት ደንቡ ያዛል፤ እርስዎም ተንበርክከው ሜትርዎን ዘርግተው፣ ተቆፍሮ ኮምፖስት ጠጥቶ የሚጠብቀውን መደቤን «ባዶ» ብለው መዘገቡት። ሶፊያ እስክታልፍ አሥራ ሁለት ቀን ይታገሡኝ ብዬ ብለምን፣ «አንተ ሰውዬ፣ በከናቴራ ቆመህ ስለ ውርጭ ታወራለህ?» አሉኝና ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን በአደራ ፖስታ በላኩልኝ ደብዳቤ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተከልኩ የኪራይ ውሌ እንደሚቋረጥ አስታወቁኝ። አጠገቤ ያለችው የቁጥር 42ቷ ሮስቪታ ክራን ደብዳቤውን በአጥሩ ላይ ተቀብላ አነበበችና «ትከለውና ተገላገል ባክህ! ይሄ ሰውዬ ሜትሩን ይዞ እላያችን ላይ ከሚያድር!» አለችኝ። ሜይ 7 ቀን ተከልኩ።

ምን እንደተከልኩ ደግሞ ላስረዳ። ባለቤቴ ጌርሊንዴ ከአክስቷ የወረሰችው ቢጫ ቲማቲም ነበራት፤ ቅጠሉ እንደ ሌላው ቲማቲም የተሸነሸነ ሳይሆን እንደ ድንች ቅጠል ድፍን ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሠላሳ አንድ ዓመት በየመከሩ ዘሩን በወረቀት ላይ እያደረቀች፣ ዓመቱን እየጻፈች በፖስታ ታስቀምጥ ነበር። እሷ ካረፈች ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ፍሬውን ስላበሰበሰው ዘር አልያዝኩም፤ ስለዚህ በማርች ወር በፖስታው ውስጥ የቀረውን ሁሉ ዘራሁ። የበቀሉት አሥራ አንድ ናቸው። በእሷ ጽሑፍ ያለው ፖስታ አሁንም አለ፣ በውስጡ ግን ምንም የለም።

ሦስተኛ፦ ሜይ 13 ጠዋት ስመጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። አሥራ አንዱም እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁረው በመደቡ ላይ ተኝተዋል። አንዷ እንኳ ከሥሯ ታቆጠቁጥ እንደሆነ ብዬ በጣቴ ቆፍሬ አየሁ፤ የለም። ሮስቪታ አጥሩን ይዛ «ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው» አለችና አለቀሰች፤ እኔ ነበርኩ ያጽናናኋት። በሦስት ሰዓት ግድም ስወጣ በሰሌዳው ላይ ጠዋት ስገባ ያልነበረ አዲስ ማስታወቂያዎን አገኘሁ፤ ዛሬ ሌሊት ውርጭ ስለሚጠበቅ አባላት ተክላቸውን እንዲሸፍኑ ይላል፣ የተጻፈበትም ቀን ሜይ 12 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ስለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የተነገረ አይመስለኝም፤ ውሻው ቢያንስ በዚያው ሌሊት ይጮኻል።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው በእርስዎ ላይ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በባቡር ማቋረጫ ላይ ሠርቻለሁ። ባቡሩ እስኪያልፍ መንገዱን ዘግቶ ማቆየት ነበር ሥራዬ፤ ሰው ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሳደባል፣ እኔ አልከፍትም። አንድም ቀን ቀድሜ ከፍቼ አላውቅም። በአንድ የአደራ ደብዳቤ ግን ከፈትኩ። ቦታውን ከማጣ ብዬ ነው፤ የጌርሊንዴ ወንበር እዚያ ስላለ ነው። አሁን ወንበሩ አለ፣ ቲማቲሟ የለም። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ለደንብ ያለዎትን ቅንዓት፣ ለሰው ተረት ያለዎትን ትዕግሥት፣ ለሜትርዎም ርዝመት ዘወትር እያደነቅሁ፣ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ባዶ ብለው ለሚመዘግቡት መደቤ ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቦታ ቁጥር 41 ታዛዥ ተከራይ
ኤክሃርት ቲምለር
ሜይ 14

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሜይ 15፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ጽፌው ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ በቤትዎ የፖስታ ሣጥን ልከተው ስመጣ በኩሽናዎ መስኮት ውስጥ ስድስት የቲማቲም ችግኞች ቆመው አየሁ፤ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ቅጠላቸውም እንደ ድንች ቅጠል ድፍን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ጌርሊንዴ በክብሪት ሣጥን ውስጥ ዘር አድርጋ በአጥር ላይ ስታቀብልዎ ትዝ አለኝ። በመደብዎ ላይ ለእንግዶቹ ተሰልፈው የቆሙት ሽንኩርትና ሰላጣ ውርጭ የማይፈሩ መሆናቸውንም ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ከስልሳ አራታችን የአሮጊቶቹን ተረት እስከ መጨረሻው ያከበሩት እርስዎ ብቻ ኖረዋልና፣ ይህ እንዳይደበቅብዎ ብዬ ደብዳቤውን አምጥቼ ሁሉም እንዲያነበው በሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ዛሬ ሶፊያ ናት፤ ከነገ ጀምሮ መትከል ይቻላል። ዲትማር፣ ከስድስቱ አንዷን ስጠኝ። ቦታው ተዘጋጅቷል፤ ሜትር ይዘህ አትምጣ።