የአባዬ «የባሰ አይቻለሁ»

ሰኞ፣ ጥር 2፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ካህረባ (መብራቱ) ሄዶ መጣ። አባዬ ካሴቱን እንደገና ከመጀመሪያው። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ያው የእንግሊዙ ኮሜዲ፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ፖስታ ቤት። ሹሙ ባልዲ ይደቅናል፣ ውሃው ባልዲውን ትቶ ደብዳቤው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሹሙ ባልዲውን ይቅርታ ይጠይቃል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በበሩ አያለሁ። አባዬ አይስቅም። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ድምፅ የለም።

ደብተሬ፣ አባዬን ካላወቅኸው ይኸውልህ። እንግሊዞች ከዚህ ከኤደን ከተማ ሳይወጡ ወደብ ላይ ታሊ ክለርክ ነበር፣ የመርከብ ጭነት መዝጋቢ። ከእነሱ ሁለት ነገር ወረሰ፤ ሻይ በወተት፣ እና ምንም ነገር አለማመስገን። ካሴቶቹንም ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የመርከብ መኮንን ነው የተወለት። ስድስት ክፍል ብቻ! ለምን ስድስት ብቻ ስለው፣ ጨዋ ሰው የሚለውን ብሎ ይነሳል አለኝ።

ሲያልቅ ጥሩ ነው ወይ አልኩት። «የባሰ አይቻለሁ» አለ። ከዚህ በላይ ሙገሳ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እማዬን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለምን አገባሃት ሲሉትም መልሱ ይኸው ነበር። እሷ ታዲያ ትሽኮረመም ነበር!

ረቡዕ፣ ጥር 4

ከመ/ቤት ገባሁ (ክሊኒኩ ዛሬ ገበያ ነበር፣ ካርድ ስጽፍ እጄ ዛለ)። ጫማዬን አውልቄ የአሜሪካኑን ኮሜዲ ከፈትኩ። ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! ሰፊ ሶፋ፣ ፍሪጅ እንደ ቁም ሣጥን፣ ሁሉም ሳያንኳኳ ይገባል፤ ልክ እንደ ሰፈራችን እንደ ተዋሂ። ቀልዱ እንደ ፈንዲሻ ነው፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይፈነዳል። የማይታዩት ሰዎች ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ።

ጎረቤታችን ኡም ሳሊም ስኳር ልትወስድ መጥታ ቆማ አየች። የሚስቁት ሰዎች የት ነው የተቀመጡት አለችኝ። የለም፣ አይታዩም አልኳት። በሰው ቤት ተደብቀው ሲስቁ አያፍሩም? አለች። ወይ ጉድ፣ ምን ልበላት።

መጨረሻ ላይ ሁሌም ሙዚቃ ይመጣና ይተቃቀፋሉ። አባዬ ያኔ ተነስቶ ወደ በረንዳ። ልብሱን የሚያወልቅ ሰው ያየ ይመስል! ደህና ሲጫወቱ ቆይተው ምን ነካቸው ይላል።

ይህን ዲሽ የሰቀለው ግርማ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግ. ነው የምለው፣ አባዬ ወረቀት ካገኘ እንደ ጭነት ሰነድ ነው የሚያነበው። ግ. የወሎ ልጅ። በጀልባ ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ሊያልፍ ነበር፤ ሼክ ዑስማን ሰፈር ዲሽ መስቀል ለመደና ቀረ። አሁን ሩቅ ከተማ፣ ሙካላ፣ ሥራ አግኝቷል። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ይልካል፣ አባዬ እምቢ ካለ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ያለ አባዬ ቃል አላገባም። እማዬ ከሞተች ሃያ ዓመት ብቻውን ያሳደገኝ ሰው ነው። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥር 6

ነፋሱ ዲሹን አዞረው፤ ግ. መጣ። ከሰገነቱ ሲወርድ አባዬ ተቀመጥ አለው። የፖስታ ቤቱን ካሴት ከተተ። በስመ አብ!

ግ. እንዴት ይስቃል መሰለህ። ጭኑን እየመታ፣ ከየትኛውም ሰው ቀድሞ። ባልዲው ገና ከጓዳ ሳይወጣ! አባዬ ካሴቱን አቆመ። እኔ ጓዳ ሆኜ አለቀልን አልኩ።

ግ. ግን አልደነገጠም። አንድ ነገር ገባኝ አለ። የአሜሪካኑ ሰውዬ ቀልደኛ መሆኑን ያውቃል፣ ሊያስቀን ነው የሚናገረው። ይሄኛው ግን አያውቅም፤ የምሩን ነው፣ ለዚህ ያሳዝነኛልም ያስቀኛልም።  አባዬ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነና፣ ግ. በሳቅ ያመለጠውን እንደገና አሳየው። ቁጣ ይሁን ክብር አላወቅሁም።

ሰኞ፣ ጥር 9

ካርድ ስጽፍ ስለዚሁ ሳስብ ዋልኩ። የእንግሊዙ ኮሜዲ ይሉኝታ ነው! እስከ ዛሬ እንዴት አልታየኝም? ሹሙ ጣሪያው ይጠገን ማለት ያፍራል፣ ጠጋኙ መሰላል የለኝም ማለት ያፍራል፣ በዚህ መሃል ዝናቡ ይገባል። ይሄማ የእኛው ነው። አሽሙሩም የእኛው። ለስላሳ ተናግረው ሌሊት ተኝተህ ነው የሚቆረቁርህ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው።

የአሜሪካኑን ደግሞ በሌላው አደንቃለሁ። እዚያ ውስጥ ያለችው ልጅ ትናንት አባቷን ተቀይሜሃለሁ አለችው፣ ፊት ለፊት። እሱም መለሰላት። በሃያ ደቂቃ አለቀ! በኛ ቤት የእማዬ ቀሚስ ሃያ ዓመት በር ጀርባ ተሰቅሎ አለ። አንድ ቀን አላነሳነውም፣ በእጅም በአፍም።

ዓርብ፣ ጥር 13፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

መጡ። ሦስት ሽማግሌ። መሪያቸው አቶ በቀለ፣ የአል-ሚምዳራ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ ለብሰው። ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ተለምነው ተቀመጡ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ሙያውን፣ ጠባዩን፣ ዘመዶቹን ዘረዘሩ፣ አሳምረው። እኔ ጓዳ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ።

አባዬ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፦

«የባሰ አይቻለሁ።»

አቶ በቀለ ተነሱ። ሌሎቹም። ጫማ ፍለጋ። በሩ ላይ፣ ልጁ ደሃ ቢሆንም ክብር አለው፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉና ወጡ። አባዬ እጁን ዘርግቶ ቀረ። መልሶ መጥራት ያፍራል፣ እነሱ ምን ማለትዎ ነው ብለው መጠየቅ ያፍራሉ። ወደ ጓዳ መጥቶ፣ ምነው ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ አለኝ። የምሩን!

ፖስታ ቤቱን ነው የሆንነው ደብተሬ። የሚስቅ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ከሥራ ቀጥታ ሼክ ዑስማን፣ ግ. የሚሠራበት ዎርሻ ሄድኩ። ዕቃውን እያሰረ ነው። አስረዳሁት። እማዬንም እንዲሁ ነበር የሚላት አልኩት። አላመነኝም። ስለ አማች እንዲህ የሚል ማን አለ? እሺ፣ እውነት ይሁን አለ፣ ግን እናቴ ወሎ ሆና ብትሰማው በሚገባት ቃል አንድ ጊዜ ይበለው። ተናድጄ ልመልስለት ነበር። ከዚያ ሳስበው ልክ ነው። ምን በደለ?

እሑድ፣ ጥር 15

ተናገርኩት! እንደዚያች እንደ አሜሪካኗ። ቁርስ ላይ፣ ያለ ሙዚቃ። አባዬ፣ ተቀይሜሃለሁ። ሃያ ዓመት ጎበዝ ልጄ ብለኸኝ አታውቅም አልኩት።  እናትሽ ይገባት ነበር አለ። እማዬ ለመማር ብዙ ዓመት ነበራት፣ ግ. የተሰጠው ግን አሥር ደቂቃ ነው አልኩት። ወደ በረንዳ ወጣ። መሸሹ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ከቀኑ 11 ሰዓት፦ ገብቶ የአሜሪካኑን ክፈቺ አለኝ። አየ፣ ከመጀመሪያው። ሙዚቃው መጣ፣ ተቃቀፉ። አልተነሳም። የወንበሩን እጀታ አንቆ ይዞ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ነገ አል-ሚምዳራ አቶ በቀለ ዘንድ እሄዳለሁ አለ።

ዓርብ፣ ጥር 20

ሳይረሳኝ ልጻፈው። ካህረባ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ግ. አብሯቸው፣ ኮቱ የተውሶ። አባዬ ከራቫት አስሯል። ተነስቶ ቆመ። ልጄን ሰጥቻለሁ አለ። ላቡ ይወርዳል። ቀጥሎም፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ ልጁ... ጥሩ ሰው ነው አለ። ጥሩ! ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ እሷም ጎበዝ ናት።

ይህ ሳያንስ ሄዶ ግ.ን አቀፈው! ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው፣ ግትር ብሎ፣ አልለቀቀውም።  አቶ በቀለ ወደኔ ዘንበል ብለው፣ አሞአቸው ነው ወይ አሉኝ። እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት ነጠላዬ ሲርስ ነው።

አባዬ ለቀቀውና፣ ከራቫቱን እያስተካከለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዴት ነበር አለው።

ግ. አሰበ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፣ ምንም። «የባሰ አይቻለሁ» አለ።

የአባዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ከዚያ፣ ደብተሬ፣ ድምፅ ወጣ! አባዬ ሳቀ፣ በአፉ፣ ግድግዳውን ይዞ። ግ. ጭኑን መታ፣ አቶ በቀለ ሳይገባቸው ሳቁ፣ ሁሉም። ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን ተባለ። ሙካላም ቀረ። የእማዬን ቀሚስ አባዬ ራሱ ከበሩ ጀርባ አውርዶ ሰጠኝ፣ አጥብበሽ ልበሺው ብሎ።

ኡም ሳሊም አሁን ግድግዳ እየመታች ነው። ቴሌቪዥኑን ቀንሱት ትላለች። ቴሌቪዥን የለም፣ ካህረባም የለም ብላት አታምንም። ልሂድና ይዣት ልምጣ፣ የሚስቁት ሰዎች የት እንደተቀመጡ በዓይኗ ትይ።