ሃያ አራተኛው የወንበር እግር

ለተከበሩ የዕቃ ማጓጓዣና ማቆያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ከመስታወቱ በስተጀርባ ባሉበት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የድርጅትዎ ሠራተኞች በሙሉ እንደምን ከርማችኋል? በተለይ ደግሞ ሁለቱ እግሮችዎ እንደምን ናቸው? ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ሁለቱም እኩል መሬት ይደርሳሉ? ይህን የምጠይቅዎ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ በእኛ ቤት ካለፉት ስምንት ሳምንታት ወዲህ የእግር ጤና ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቅ ጉዳይ ስለሆነብን ነው።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ዕቃ ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ አልፎ አልፎ ቢጨማደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎ ጉዳዩን ከአምስት ማመልከቻዎቼ በደንብ ቢያውቁትም፣ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋልና ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

እህቴና ልጇ የኖሩበትን ቤት እንዲለቁ ተነገራቸው። የሚገቡበት ቤት ደግሞ ገና በርና መስኮት አልተገጠመለትም። ስለዚህ ዕቃቸውን በሙሉ ለእርስዎ ድርጅት አደራ ሰጥተው፣ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው የእኔ ሁለት ክፍል ቤት መጡ። የእህቴ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ መኪና ገጭቷት የግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በሰው ሠራሽ እግር ነው። እኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ፌንጣ» እያልኩ ነው የምጠራት፤ አንድ ቦታ አርፋ ተቀምጣ አታውቅማ። ከአደጋው በኋላ አፌ ተይዞ በስሟ ብቻ መጥራት ስጀምር፣ «ምነው አጎቴ፣ ያጣሁት እግሬን እንጂ ስሜን ነው እንዴ?» ብላ አሳፈረችኝ። እስከ ዛሬም ፌንጣ ናት።

ዕቃው በተጫነበት ዕለት ፌንጣ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እግሩ የሚገጥምበት ቦታ ቆስሎባት፣ ሐኪሙ ቁስሉ እስኪደርቅ እንዳታጠልቀው አዟት ነበር። እናቷ እግሩን ከነጫማው በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ በእጇ ይዛው ልትሄድ ከበሩ አጠገብ አቆመችው። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የእርስዎ ጠቅላዮች የስድስት ወንበሮችን እግር እየፈቱ ይደረድሩ ነበር። እናትየዋ ለአንድ አፍታ ጎረቤት ልትሰናበት ወጣች። ስትመለስ ዕቃው ተጭኖ ሄዷል፤ እግሩም አብሮ ሄዷል። ባለቤቱን ጥሎ ብቻውን መንገድ የወጣ እግር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ በግቢዎ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈው «ዕቃዎ እቤትዎ ያለ ያህል» ስለሚለው ቃል አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ እኔ እቤቴም የምፈልገውን ዕቃ አላገኝም። ልዩነቱ፣ እቤቴ ዕቃ ሲጠፋኝ ራሴን እሳደባለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ሲጠፋኝ ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ ከአምስት ቀን በፊት ይሞላል፤ ዕቃ የሚታየው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ ዕቃው የሚጠየቀውም በስሙ ሳይሆን በጥቅል ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚገኘው በዝርዝሩ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ የሚታየው ቅጹ ከተሞላ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በዚህ ዙሪያ ስዞር በማሳለፌ ወገቤ ቀጥ ብሏል፤ ስለ እንቅስቃሴው አመሰግናለሁ።

፪. በመስኮቱ ስላለችው ሠራተኛዎ ትሕትናም አመሰግናለሁ። የሰው እግር ፈልጌ እንደመጣሁ በነገርኳት ጊዜ አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። ዝርዝሩን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወርዳ፣ «አባባ፣ የሰው እግር የሚል አልተመዘገበም፤ ደግሞም የሰው አካል አንቀበልም» አለችኝ። ሰው ሠራሽ ነው ብዬ ባስረዳት፣ «እንደዚያም የሚል የለም፤ እግር የሚል ያለው ጥቅል ቁጥር አርባ አንድ ላይ ነው፣ እሱም የወንበር ነው» ብላ ወረቀቱን አዞረችልኝ። እውነትም እንዲህ ይላል፦ «የወንበር እግር፣ ብዛት 24፣ የተሟላ።» እንደ መምህር ሆና በጣቷ እያሰላች አስረዳችኝ፦ ስድስት ወንበር በአራት እግር ሃያ አራት፤ ዝርዝሩ ሃያ አራት ይላል፤ ስለዚህ ትርፍ እግር የለም። ሒሳቡ እንከን የለውም። እኔም በዚያን ጊዜ የማውቀውን ለመናገር ድፍረት ስላልነበረኝ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ምክንያቱን ከታች እናዘዛለሁ።

፫. ጥቅሉ ይከፈትልን ብዬ ስጠይቅ፣ ውሉ በፌንጣ ስም ስለሆነ «ባለንብረቷ በአካል ትቅረብ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጣችሁን። ፌንጣ በክራንች ሦስት ፎቅ ወረደች። ወረደች ስል፣ ክራንቹን ለእኔ ሰጥታ ደረጃውን በመቀመጫዋ አንድ በአንድ ወረደች ማለቴ ነው። ጎረቤቶች በር ከፍተው ሲያዩን፣ «ደረጃውን እየወለወልኩ ነው፤ የእናንተንም ፎቅ ልጨምርላችሁ?» ትላቸው ነበር። መጋዘኑ በር ስንደርስ፣ «ለደንበኞቻችን ደህንነት ሲባል በክራንች፣ በከዘራ ወይም በሰው ድጋፍ የሚንቀሳቀስ ሰው ወደ መደርደሪያዎቹ አይገባም» የሚል ማስታወቂያ ጠበቀን። ጥቅሉ ወደ ደጅ ይውጣላት ብንል፣ ጥቅል የሚከፈተው መደርደሪያው ሥር ብቻ ነው ተባልን። ስለዚህ ወደ እግሯ ለመድረስ እግር ያስፈልጋታል፤ እግሩ ያለው ደግሞ ውስጥ ነው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሬዲዮ ፈትቻለሁ፤ እንዲህ በራሱ ላይ የዞረ ሽቦ ግን አላየሁም።

የበር ጠባቂዎ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ እኔን ቢለቁኝ በጀርባዬ አዝያት እገባ ነበር፤ ካሜራው ነው እንጂ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። በድርጅትዎ ውስጥ እግር ምን እንደሆነ የገባው እሱ ብቻ ነውና፣ ስለዚህ ቃሉ እንዳይቀጡብኝ አደራ እላለሁ። እኔም የትኛው ጠባቂ እንደሆነ ረስቻለሁ።

«በአካል ትቅረብ» ስላላችሁት ግን አንድ ነገር ልበል። ፌንጣ በአካል ከቀረበች እኮ ስምንት ሳምንቷ ነው። ከጉልበቷ በታች ያለው አካሏ ከእናንተው ጋር ውሎ ያድራል፤ ቀሪው አካሏ ነው ከእኔ ጋር ያለው። ከሁለታችን የትኛችን ይበልጥ እንደምናቀርባት እርስዎ ይፍረዱ።

፬. ውክልናም አመጣሁ። ውክልናው «ዕቃ ለማውጣት» ይላል እንጂ «ጥቅል ለማስከፈት» አይልም ተባለ። ይህኛውን ሳላመሰግን ልለፈው።

፭. ለአምስቱም ማመልከቻዎቼ መልስ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አምስቱም መልሶች አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ጉዳይዎ ለሚመለከተው አካል ተመርቷል።» ክቡርነትዎ፣ የሚመለከተው አካል ያለው ጥቅል ቁጥር አርባ አንድ ውስጥ ነው። በመጋረጃ ተጠቅልሏል። እሱ ዘንድ ከደረሰ ደብዳቤው በትክክል ደርሷል ማለት ነው፤ ግን መልስ መጻፍ አይችልም።

እስከዚህ ድረስ የቀለድኩት መቀለድ ስለማላቆም ነው፤ ፌንጣም ብታነበው እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። የሚቀጥለውን ግን እንደ ቀልድ አይቁጠሩብኝ።

ቁስሉ ከደረቀ ስድስት ሳምንት አልፎታል። የምትከታተላት የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ እንደነገረችን፣ እግሩ ሳይጠለቅ በቆየ ቁጥር የሚገጥምበት ቦታ ያብጣል፤ ቅርጹም ይለወጣል። እግሩ መደርደሪያ ላይ ምንም ሳይሆን ይቆያል፤ የሚለወጠው የእሷ ገላ ነው። ትንሽ ከዘገየን እግሩን ብታገኘውም አይገባላትም። አዲስ አሠርቶ ለመጨረስ ደግሞ አምስት ወር ይፈጃል። መድኃኒት ቤቱ ቦታዋን የሚጠብቅላት እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አንችልም ብለዋል፤ አልፈርድባቸውም።

እነዚህን ሁሉ በማመልከቻዎቼ ጽፌያለሁ። ያልጻፍኩት ይህን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናንተ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ የጫማዬን ድምፅ ሰምታ ገና ቁልፍ ሳላስገባ «ምን አሉ?» ትለኝ ነበር። አሁን ስገባ የምትጠይቀኝ ደክሞኝ እንደሆነ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ክራንቿን ፈልጌ አልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ተገፍቶ አገኘሁት። ሦስት ቀን ሙሉ አልተነካም። ክቡርነትዎ፣ ፌንጣ መቀመጥ ለምዳለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመት የሸሸግሁትን ነገር በአደባባይ ለመናዘዝ ተገድጃለሁ። እትዬ፣ ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እህቴ ቤት ተጋብዤ፣ በገዛ ቀልዴ ስስቅ ወደ ኋላ ብለጠጥ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር የኋላ እግር ከነብሎኑ ተነቅሎ ወለል ላይ ተዘረጋሁ። እህቴ ጓዳ ስለነበረች አላየችኝም። እግሩን ኮቴ ውስጥ ከተትኩ፤ ወንበሩን ጥግ ወስጄ ግድግዳ አስደገፍኩ፤ ያልተተኮሰ ልብስ ቆለልኩበትና «ይህ ወንበር ለልብስ ይሁን፣ ለቤቱም ያምራል» አልኩ። እሷም አመነችኝ። ነገ ጠግኜ እመልሰዋለሁ ስል ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ጠጋኝ ነኝ ማለቴን ያስታውሱልኝ። እግሩ እስካሁን ድረስ የክፍሌን መስኮት ደግፎ ይዟል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። የእርስዎ ጠቅላዮች በዚያ ዕለት የፈቱት ሃያ ሦስት እግር ነው። ሃያ አራተኛ አልነበረም። ጎድሎ ማየት የማይወድ ደግ ሠራተኛ ከበሩ አጠገብ ተጠቅልሎ የቆመ እግር አገኘና ቁጥሩን ሞላ። ሃያ አራተኛው የወንበር እግር ፌንጣ ናት።

ለእርስዎም የማይከብድ መፍትሔ አለኝ። የፊታችን ማክሰኞ በመክፈቻ ሰዓት እኔ፣ እህቴና ፌንጣ በርዎ ላይ እንገኛለን። እውነተኛውን የወንበር እግር ከመስኮቴ ነቅዬ፣ ከነብሎኑ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ያንን ወደ ጥቅሉ ያስገባሉ፤ የእኛን ያወጣሉ። በዝርዝርዎ ላይ አንድ ቁጥር አይሰረዝም፤ አንድ ፊደል አይፋቅም፤ ሃያ አራት የነበረው ሃያ አራት ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም «የተሟላ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይሆናል። ይህን የሚከለክል ደንብ ካለ ደንቡን ራሱን በአካል ያቅርቡልኝ፤ ቆሜ አነጋግረዋለሁ።

ለሰጡን ትዕግሥት፣ ለማኅተሞችዎ ጥራትና ለወንበሮቻችን ስላሳዩት ልዩ ጥንቃቄ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሁለት እግሮችዎ ወደ መልካም መንገድ እንዲመሩዎት እመኛለሁ።

ከማይታጠፍ አክብሮት ጋር፣
የፌንጣ አጎት
ሬዲዮ ጠጋኝና ወንበር ሰባሪ

ግልባጭ፦
ለእህቴ፣ ለይቅርታ
ስሙን ለረሳሁት የበር ጠባቂ፣ ለሰላምታ

ሳልረሳው፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቡናማ የቀኝ እግር ጫማ በአባሪነት ልኬአለሁ። ጥቅል ቁጥር አርባ አንድ ሲከፈት ግራውን የተጫማ የወንበር እግር ታገኛላችሁና አመሳክሩት። ጫማውን ግን አደራ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጡብኝ፤ ፌንጣ በቀረቻት እግር የምታደርገው እሱን ነው። ለጥቂት ቀን ልዋስሽ ብላት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ውሰደው አጎቴ፣ የት ልሄድበት ነው» አለችኝ። ይህን ቃሏንም ከጫማው ጋር ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ዘንድ የገባ ነገር እንደማይወጣ አውቃለሁና፣ እሱን እዚያው ያስቀሩልኝ።