በበሬ ፋንታ የመረጥኩት ትራቶሬ

ረቡዕ፣ መጋቢት ፫

አያሌው ዛሬም መጣ። የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ተቀመጥ ሳልለው ደፍ ላይ ተቀመጠና «እቴ ጥሩ፣ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው፤ እኔ ልረሰውና እኩል እንካፈል» አለኝ።

አምና ለአጎቱ ሚስት እንዲሁ ብሏት ነበር። እሷም መበለት ናት። አረሰላት። ዘንድሮ መሬቱን በራሱ ስም ይጠራዋል፤ እሷ ልጇ ዘንድ ተጠግታ ትኖራለች። መሬት የአራሹ ነው፤ አገሩ የሚያውቀው ይህን ነው።

አስብበታለሁ አልኩት።

«ምኑን ታስቢበታለሽ? በሬ አለሽ?»

የለኝም። ሁለቱንም በሬዎቼን ጣሊያን ነድቶ ወስዶ ቡሬ ምሽግ ውስጥ አርዶ በላቸው። ባሌ ሊያስመልሳቸው ሄዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የአርበኞች ስንቅ ቤት ሆኗል። በሶ እፈጫለሁ፤ ሌሊት መጥተው ይወስዳሉ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ወሬ መጣ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሽቷል። ምሽጉን የያዙት ያርበኞቹ አለቃ ቀኛዝማች ስሜነህ፣ ስንቅ ያቀበለ ቤት ሁሉ ከምርኮው አንድ አንድ ነገር ይምረጥ ብለዋል። ነገ እሄዳለሁ።

የምፈልገው በሬ ነው። በሬ ከጠፋ በቅሎ፤ ለውጬ በሬ እገዛባታለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፬

በሬ የለም። በቅሎዎቹን ጦሩ ወስዷቸዋል። የቀረው ቆርቆሮ፣ ብርድ ልብስ፣ ባዶ በርሜል፣ ሰው የማይሸከመው የብረት ምድጃ። ሰዉ ቆርቆሮው ላይ ይራኮታል።

ከምሽጉ ጀርባ፣ ጣሊያን ድንችና ጎመን ይዘራበት በነበረው ቦታ፣ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል። ትራቶሬ ይሏቸዋል። ሰው አይጭኑም፤ ማረሻ ይጎትታሉ። አንዱ ትልቅ ነው፤ በሰንሰለት ይሄዳል። ሌላው ትንሽ፣ የኋላ ጎማው ከፍ ያለ፣ የፊቱ እንደ ጥጃ እግር የቀጠነ፣ ቀለሙ የተላጠ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ቀኛዝማች ፊት ቀርቤ «ጥማዱን ይስጡኝ» አልኩ።

«የምን ጥማድ?»

«እነዚያን ሁለቱን። አንዱን ለቀኝ፣ አንዱን ለግራ።»

ሳቁ። አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ። «እመቤት፣ እነዚህ ቀንበር አያውቁም። አንዱ ለብቻው ያርሳል» አሉኝ። አፈርኩ። ግን ነጠላ በሬ ሲያርስ ማን አይቶ ያውቃል?

አንዱን እስከ እሑድ ምረጪ ተባልኩ። የቀረውን ትራቶሬ ሰኞ ጦሩ መድፍ ሊያስጎትተው ይወስደዋል።

ነጂው ሀብቶም ይባላል። የሐማሴን ሰው ነው፤ ከጣሊያን ጦር ከድቶ ለአርበኞች የገባ። ትልቁን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይህን ይውሰዱ አደይ፤ ዝሆን ነው» አለኝ፤ አደይ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው።

«ሲያርስ ልየው።»

በሬ ሳያርስ አይገዛም። ደኅና ሻጭ ራሱ «ጠምደህ እየው» ይላል። ያላለ ሻጭ የበሬውን ነውር ያውቃል።

«ዛሬ ናፍጣው ተቆልፎበታል። ነገ አሳይዎታለሁ» አለ።

ቤቴ ስገባ ነው ነገ ምን ቀን እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት ፭፣ አቦ

ዛሬ አቦ፣ ነገ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። በሦስቱም ቀን መሬት አይነካም። በአቦ ቀን ያረሰ ሰው ማሳውን በረዶ ይመታዋል ይባላል። የጎረቤቱንም ማሳ ስለሚመታ ጎረቤቱ አስቀድሞ ዱላ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ሳላየው ልመርጥ ነው። እንዲህ አድርጌ ዶሮ እንኳ ገዝቼ አላውቅም።

ከቅዳሴ ስመለስ ከብቶች ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁና ቆምኩ። ተመልሼ አባ ወልዴን ከቤተ ልሔሙ ደጅ አገኘኋቸው። የንስሐ አባቴ ናቸው።

«አባ፣ በበዓል ከብት ውኃ ማጠጣት ኃጢአት ነው?»

«አይደለም። ምነው?»

«የጣሊያን ከብትስ?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ጠየቁኝ። «ውኃ ይጠጣል?»

«በአፍንጫው በኩል ይጨመርለታል ብሎኛል ነጂው።»

«እንግዲያው ይጠጣ» አሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፮

ሀብቶም ሳቀብኝ። «ውኃውን በባልዲ አመጣለታለሁ እኮ አደይ።»

«ከብት ወደ ውኃ ይሄዳል እንጂ ውኃ ወደ ከብት አይመጣም» አልኩት።

አባ ወልዴ አብረውኝ መጥተው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። ከምሽጉ እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው፤ ታች ሲደርሱ ረግረግ አለ። ከወንዙ እኔ ቤት ድረስም መንገዱ ያው ነው። ይህን ልቤ ውስጥ ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ ትልቁ። ምድሩን እያንቀጠቀጠ ወረደ። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ረግረጉ ጋ ሲደርስ በአንድ ወገን ዘመመ። ሰንሰለቱ ዞረ፣ ዞረ፤ በዞረ ቁጥር ጠለቀ። ሀብቶም በትግርኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። ሰዎቹ አባን አዩአቸው። «ጉድጓድ የገባ በሬ በሰንበትም ይወጣል» አሉ አባ። አካፋ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጭቃ ለብሶ ወጣ።

ከዚያ ትንሹ። ሀብቶም ተቀይሞ ስለነበር ሦስት ሰው ጫነበት። ወረደ። ረግረጉን በዳር በዳር ይዞ ወንዙ ጋ ደረሰ። ውኃውን ጨመሩለት። ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ፣ ሦስቱን ሰው እንደጫነ ዳገቱን ወጣ። ትንፋሹ ትንሽ ቆራረጠ እንጂ አልቆመም።

«ምን ይበላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ትልቁ ናፍጣ፤ የቀረችውም አንዲት በርሜል ናት። ትንሹ ላምባ።»

ላምባ ቡሬ ገበያ አለ። እኔም ኩራዜን የማበራው በእሱ ነው።

አራት ማሳ አለኝ፤ ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ዳራቸው ድንጋይ። ዝሆኑን የት አዞረዋለሁ? ለቀኛዝማች ትንሹን አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ።

እሑድ፣ መጋቢት ፯

ወሬው ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። አያሌው ከዋርካው ሥር ሰው ሰብስቦ አገኘሁት።

«ቆርቆሮ ብትወስጂ ቤትሽ አያፈስም ነበር፣ እቴ ጥሩ። አሁን ደግሞ ትራቶሬውም ጣራ ሊፈልግ ነው።»

ተሳቀ። እኔም ትንሽ ፈገግ አልኩ፤ እውነት ነው፣ ቤቴ ያፈሳል።

ቀጥሎ ያለው ግን ቀልድ አልነበረም። «ነጂው ጦር ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይሄዳል። ከዚያ ማን ሊያርስልሽ? ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናም ይቀራል። ዳዊት ትደግሚያለሽ፤ ዳዊት መድገምና ማረስ ግን አንድ አይደለም።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ክፉ ነው። ዝናም ቢዘገይ ጥፋቱ የኔ ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱን ለአያሌው ስጪ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

አባ ወልዴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰሙ ነበር።

«እርፍ አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባ። መሪ ነው ያለው፤ ክብ ነው።»

«ጅራፍስ?»

«የለውም።»

«ተቀምጠሽ ነው ቆመሽ?»

«ተቀምጬ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀምጦ የሚያርስ ገበሬ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ይህ በቅሎ እንደ መንዳት ያለ ነው። ሴት በበቅሎ ከሄደች ዝናም የሚቀር ከሆነ የናንተ ሚስቶች ቡሬ ገበያ በእግራቸው ይሂዱ።»

 አያሌው ብቻ «እናያለን» አለ።

ሰኞ፣ መጋቢት ፰

አመጣነው። ሀብቶም ነዳ፤ እኔ ጎኑ ባለው የብረት ክዳን ላይ ተቀምጬ ማረሻውንና ላምባውን ጠበቅሁ። ውሻው ሁሉ ተከተለን። የአንድ ነጋዴ በቅሎ ጭነቷን ጥላ በረረች፤ ነጋዴው ሰደበን። ረግረጉን አለፍን።

ሀብቶም እስከ ዓርብ ጠዋት ፈቃድ አለው። ሜዳው ላይ አስቀመጠኝና ማስነሻ ብረቱን ራሱ አዞረው። የያዝኩት ነገር ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሴም። «ቀስ፣ ቀስ» ሲለኝ ሄድኩ። መዞር ግን አላወቅሁበትም፤ አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ክንዴ ተቧጨረ።

ሁለተኛ ጊዜ ዞርኩ። ሦስተኛም። ቁጥቋጦ የገባሁባት የመጀመሪያዋ አትቆጠርም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፱

ክፉ ቀን።

መሬቱ ድንጋይ ነው። ከጥር ወዲህ ጠብታ አልወረደም። ማረሻው ይፍቃል፣ ይዘላል፣ እንደ ምስማር ይጮኻል። ሀብቶም ማረሻውን ጠለቅ አድርጎ ሰካው፤ ሞተሩ ሳለና ጠፋ። እንደገና አስነሣው፤ ጠፋ። የኋላ ጎማው ባዶ ይሽከረከራል።

አያሌው ድንበሩ ላይ ነበር። «ምን ነካው? ጾም ይሆናል የያዘው» አለ። የመጡት ሁሉ ሳቁ። ትልቁ ቢሆን ኖሮ ይህን መሬት ይፈነቅለው ነበር ብሎ ሀብቶምም አጉረመረመ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ረግረጉ ውስጥ ሆኖ ግን የማንንም መሬት አይፈነቅልም።

ያሳሰቡኝ፦ ላምባው እንዲሁ መቃጠሉ። ሀብቶም ዓርብ መሄዱ። ነገ የመጋቢት መስቀል መሆኑ፤ ሥራ የለም። ከሁሉም በላይ መሳሳቴ።

ማታ አያሌው ሰው ላከብኝ፤ «እኩሌታው ቀርቶ ሲሶ ልስጥሽ» ይላል። ዋጋዬ በአንድ ቀን ወርዷል።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፲፣ መስቀል

ቅዳሴ ሄድኩ። ስለ ዝናም ጸለይኩ፤ ስለ ሌላ ነገር አልጸለይኩም።

ከቀትር በኋላ ከጉደራ በኩል ደመና መጣ። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ትልልቅ ጠብታ፣ ቀጥሎ እውነተኛ ዝናም። ሀብቶም ከትራቶሬው ሥር ተኝቶ ስለነበር እግሩ ረጠበ። እኔ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ጎረቤቴ በአጥሯ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሴት ትራቶሬ ላይ ከወጣች ዝናም ይቀራል አላሉም?» አለችኝ። እስኪበቃን ሳቅን።

ቤቴ አፈሰሰ። ገንቦ ደቀንኩለት።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፩

ሲነጋ አፈሩን በእጄ ጨብጬ አየሁት። ይያዛል፤ ግን አይጣበቅም። ሀብቶምን ቀሰቀስኩት።

የመጀመሪያዎቹን ትልሞች እሱ ሄደ። ማረሻው ገባ። የእኛ ማረሻ መሬትን ይጭራል፤ ይህ ግን ሆዷን ወደ ላይ ይገለብጣታል። ከታች የወጣው አፈር ቀይ ነው፣ ጥሬ ሥጋ ይመስላል። ቁራዎች መጡ። ሀብቶም ወረደና «ይውጡ አደይ» አለኝ።

ወጣሁ። የመጀመሪያው ትልሜ እባብ ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ከማሳው ማዶ ያለችውን ግራር አይቼ ወደ እሷ ነዳሁ፤ ቀና። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ዞርኩ፤ ለአንድ ጥማድ በሬ በምትበቃ ቦታ ላይ ዞረ። ሀብቶም ከዳር ሆኖ እጁን አነሣልኝ፤ ምርጫዬን ያመሰገነው ይኸው ብቻ ነው።

ወደ ቀትር ሰው ተሰበሰበ። ቆርቆሮ የወሰዱትም መጥተዋል። አያሌው ትልሙ ውስጥ ገብቶ ክንዱን እስከ ግማሽ ሰደደ። አፈሩን አሸተተ።  በሬዎቹን ጠምዶ መሬቴን ሊያርስ ሊመጣ ነበር አሉኝ፤ ቀንበሩን ከመንገድ መልሶታል።

አራተኛው ማሳ ሲያልቅ አባ ወልዴ ሽማግሌዎቹን ይዘው ድንበሩ ላይ ቆሙ።

«አያሌው፣ ይህን መሬት ማን አረሰው?»

«ታዲያ አላየሁም ወይ አባ?»

«አይተሃል። ሰው ይስማልህ ብዬ ነው።»

መሬቱን እያየ «ጥሩ» አለ።

«ማን?»

«ወይዘሮ ጥሩዓለም አረሰችው።»

ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ከመካከላቸው ትልቁ «ሰምተናል» አሉ። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር እንዲህ ያልቃል። አያሌው ሲሄድ ቀስ ብሎ «ላምባው ስንት ማሳ ያርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። እነግርሃለሁ አልኩት።

እጄ ተልጧል። ጆሮዬ አሁንም ሞተር ይሰማል። የዛሬው ገመሳ፣ የመጀመሪያው እርሻ ነው፤ ከመዝራቴ በፊት ገና ይደጋገማል፤ ሀብቶም ነገ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ጦርነቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያውቅ የለም። ማስነሻ ብረቱን ብቻዬን ሁለት ጊዜ አዙሬ አስነሣሁት፤ በሦስተኛው እምቢ አለኝ። ነገም እምቢ ካለኝ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ዝናም ጀምሯል። ትራቶሬውን በሰሌን ሸፍኜ ገባሁ። ማሳው ላይ ይዝነብበት፤ የታረሰ መሬት ነው።