ተገልብጠው የተቆረጡ ዘጠኝ ልብሶች

ኅዳር 3፣ ሰኞ
የመዘምራኑን ልብስ ዛሬ ቆርጬ ጨረስኩ። ወይን ጠጅ ቀለም ከፋይ፣ አሥራ ስምንት ልብስ። ጨርቁ ሊያጥረኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር... ንድፉን አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ገልበጥ እያደረግኩ አብቃቃሁት። እኔ ነኝ ያለ ቆራጭ። እትዬ እንፋሎት ካውያቸውን እንደያዙ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አግኝተህ ነው የምታፏጨው?» አሉኝ።
አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ይተኩሳሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ያውቃሉ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ዝም ይሉኛል።

ኅዳር 9፣ እሑድ
ጉድ ፈላ። መዘምራኑ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን መብራቱ ስር ሲቆሙ ዘጠኙ ጠቆሩ፣ ዘጠኙ ነጡ። ሁለት ቡድን ተኳርፎ የቆመ ነው የሚመስለው። ገና ሳይዘምሩ ገባኝ። ከፋይ ፀጉር አለው። ፀጉሩ ወደ ታች የተኛው ይነጣል፣ ወደ ላይ የዞረው ይጠቁራል። የሙያው ሀሁ ነው... እኔ ደግሞ ዘጠኙን ገልብጬ ቆርጫለሁ።
መሪያቸው መጣ። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»
«ካውያ በዝቶበት ይሆናል» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ቀደመኝ? ወይስ እኔው ላክሁት?
ከሰዓት ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደ ወትሮው የሰንበት ትምህርት ላስተምር ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት፦ ክርስቲያን በቤቱም በሥራውም አንድ ሰው ነው። ሁሉም ጻፉ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ
ወሬው እትዬ ዘንድ ደርሷል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ይቅርታ ጠየቁኝ እንጂ። «እጄ ከብዶ ይሆናል ልጄ። ዓይኔም ደክሟል። ሥራህን አበላሸሁብህ።»
እኔስ ምን አልኩ? «አይዞዎት።» እንዲህ ያለ ደግነት ከየት አመጣሁት...

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ
አልመጡም። «ሌላ ተኳሽ ፈልግ» ብለው ልከውብኛል። ስፌት ቤቱ ጭር አለብኝ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ
ጠዋት ተንበርክኬ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ትንሽ ቀለለኝ። ቁርስ ላይ ለባለቤቴም ነገርኳት፤ መጸለዬንም ጭምር።
«እሱማ ድሮም ያውቃል» አለች። «የማያውቁት እትዬ ናቸው።»
«ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»
«ቀስ ማለት አሁን ነው የመጣልህ? እሑድ ለት የት ነበር?»
ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ዛሬ ግን ዝም ብትል ምን ነበረበት... የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ኅዳር 14፣ ዓርብ
ቤታቸው ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው የከፋይ ቁራጭ ሲተኩሱ ደረስኩ። ከስፌት ቤቱ ቅሪት ይዘው ሄደዋል ለካ። በጀርባው ይተኩሳሉ፣ ይገለብጡታል፣ መስኮቱ ጋ ወስደው ያዩታል። የሌለ ጥፋታቸውን ሲፈልጉ ሰንብተዋል።
«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ገልብጬ ቆርጬው ነው።»
ቁራጩን ወደ ታች ዳሰሱት። ወደ ላይ ዳሰሱት። ቁጭ አሉ። «ከሰኞ ጀምሮ እጄን ስረግም ነው የሰነበትኩት።»
ቁራጩን አጣጥፈው አስቀመጡ። «ለኔ መንገርህ ጥሩ» አሉ። «ስሜ የጠፋው ግን እዚህ ቤት አይደለም።»
ተቀመጥ እንኳ አላሉኝም። ልክ ናቸው።

ኅዳር 16፣ እሑድ
አላስተማርኩም። መዘምራኑም ተማሪዎቹም ባሉበት ቆምኩ። «ልብሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በእትዬ ያላከክሁትም እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ስለ እውነት አስተማርኳችሁ።» ላብ በላብ ሆንኩ። ለጊዜው ሌላ ሰው ያስተምር አልኩ፤ መሪው እሺ አለ። እንዲለምነኝ ጠብቄ ነበር እንዴ? ትንሽ... አዎ።
እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ሰምተዋል። ሲወጡ፣ «ነገ ለካውያው ውኃ ሞልተህ ጠብቀኝ» አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት እቤት እስክንደርስ ከባለቤቴ ጎን እያፏጨሁ ሄድኩ። ገብቷታል።

ኅዳር 24፣ ሰኞ
አሁን አሁን ከመቁረጤ በፊት እትዬ ይመጣሉ፤ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ቁረጥ» ይላሉ። ሳይሉኝ መቀስ አላነሳም። በራሴ ገንዘብ አዲስ ከፋይ ገዝቼ ዘጠኙን ልብስ እንደገና እየሠራሁ ነው።
ዛሬ ካውያውን አቁመው ትኩር ብለው አዩት። «ምነው እትዬ?»
«ያ የጡረተኛው አስተማሪ ግራጫ ካፖርት ትዝ ይልሃል? ኮሌታው ላይ ምልክት የነበረው።»
«ሲመጣም የነበረበት?»
«አልነበረበትም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።» አንገታቸውን ደፉ። «ደብቄው ሁለት ዓመቴ። አንተ በሰው ፊት ከቆምክ ወዲህ ካውያ በያዝኩ ቁጥር ይመጣብኛል።»
ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የእኔ ሳቅ ቆመ። ለሰውየው ሲመጣም ነበረበት ብዬ የማልኩት ማን ሆነና? እኔ። ሳላይ። በእግዚአብሔር ስም።
«ቤታቸው የት ነበር?» አልኩ።
«ከፖስታ ቤቱ ጀርባ። ግን ማን ይናገር?»
«እርስዎ ማቃጠሉን፣ እኔ መማሉን።»
ካውያውን ነቀልን፣ ስፌት ቤቱን ዘጋን። መንገዱን ሙሉ ክንዴን እንደያዙ፣ «አንተ ቅደም»፣ «አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ደረስን። ሰውየው በሩን ሲከፍቱ ሁለታችንም በአንድ አፍ «እኔ ነኝ» አልን።