መኪናው ዳገቱን እንዲወጣ

ተሻገር፣

ጉልበት የለውም ያልከው መኪናችን እንደ አገረ ገዥው መኪና ባይሮጥም አሁን ዳገት ይወጣል። አዲስ ሞተር አላስፈለገም። ካንዴላዎቹን በአሸዋ ወረቀት ጠረግሁ፤ የአየር ማጣሪያውን የደፈነውን የገብስ እብቅ አራገፍሁ።

እንዲበረታ ብለህ ቤንዚኑ ላይ የጨመርኸውን ጠበል ከነቤንዚኑ ቀድቼ ሰው በማይረግጠው ቦታ ደፋሁት። ከራሺድ ሱቅ ሌላ ቤንዚን ሞልቻለሁ።

በየኔታ ፊት «የባዩ እጅ ነው ያበላሸው» ብለሃል። ጠበሉን ማን እንደጨመረ አልነገርኋቸውም።

የሚስትህ የውባለም መውለጃ ስለደረሰ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እስክትገባ ሞተሩን እንዳታጠፋ። ትናንት ስንጣላ የተናገርሁትን እሷ መስማት አልነበረባትም።

መኪናው ቀለል እንዲለው በእግሬ ቀድሜያችሁ ዳገቱ ላይ እጠብቃለሁ። ከቆመ እገፋለሁ።

ከወጣ ግን እኔን ለመጫን ብለህ እንዳታቆም።

ወንድምህ ባዩ